የውሰት ልብስ፥ የራስ ቃል፤ ስለ ዓለማየሁ እሸቴ የዘፈን ሥራ

ተውሶ የሚለብስ ሰው በአገራችን ልማድ ብዙ አይከበርም። ለሠርግ የተዋሰውን ካባ ደርቦ ሲታይ፥ የሚያየው ሁሉ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «እንዴት አማረበት!» ብሎ አያመሰግነውም። በኪነ ጥበብም ዘንድ ይኸው አመለካከት ሰፍኖ ይገኛል። ከባሕር ማዶ የመጣውን የዘፈን ዓይነት ይዞ የሚነሣ ድምፃዊ በታየ ቁጥር፥ የሥራው መልካምነትና ጉድለት ከመመርመሩ በፊት «ይህ የእኛ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ጥያቄው መጠየቁ ክፉ አይደለም፤ ክፉው ነገር ጥያቄውን እንደ መልስ አድርጎ መያዝ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በምንኖርባት በመካነ ሰላም ከተማ የተደረገ አንድ ትንሽ ክርክር ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የዓመቱ መዝጊያ በዓል ላይ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጊታር ይዞ ወደ መድረክ ወጣና፥ ዓለማየሁ እሸቴ ከግማሽ ምእተ ዓመት ገደማ በፊት የዘፈነውን «ተማር ልጄ» የተባለውን ዘፈን ዘፈነ። ከገጠር የመጡት ወላጆች አጨበጨቡ፤ እናቶች እልል አሉ። ልጁ በጭብጨባው ልቡ ሞቆ፥ ዘፈኑ መካከል ሲደርስ ድንገት ጮኸ፤ ወገቡንም ያወዛውዝ ጀመር። በዚህ ጊዜ አንድ መምህር ከመቀመጫቸው ተነሥተው፥ «የወሎ ልጅ ሆነህ፥ ባቲና አምባሰል ሞልተውልህ፥ የፈረንጅ ጭፈራ ምን አስመኘህ?» ሲሉ ገሠጹት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ከአጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፥ «ጩኸቱስ የሰው ነው፤ ምክሩ ግን የኛ ነው» አሉ።

የመምህሩ ቃልና የገበሬው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሳባችን ውስጥ ሲከራከሩ ሰነበቱ። መምህሩ የተናገሩት ከቅንነት ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን መካከል ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። እንዲህ ባለው አገር ያደገ ልጅ የአባቱን ትቶ የሰው ሲመኝ ማየት ያስቈጫል። ነገር ግን ገበሬው በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገሩት ደግሞ የዓለማየሁን ሥራ ለመመዘን የሚያስችል ሚዛን ሆኖ አግኝተነዋል። ይኸውም የድምፃዊ ሥራ የሚመዘነው ልብሱን ከየት እንዳመጣው ብቻ በመጠየቅ ሳይሆን፥ በዚያ ልብስ ውስጥ ሆኖ የተናገረው ቃል የማን እንደ ሆነ በመመርመር ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረውም የዓለማየሁ እሸቴን የዘፈን ሕይወት በዚህ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው።

ዓለማየሁ እሸቴ በ1933 ዓ.ም. ግድም በጅማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በአዲስ አበባ ነው። በልጅነቱ የአሜሪካ ፊልም ይወድ ነበር። በሲኒማ መጋረጃ ላይ ያያቸው ሰዎች አለባበስ፥ የጠጉራቸው አበጣጠርና የአነጋገራቸው ሁኔታ ልቡን ማረኩት። ከሁሉም ይልቅ ኤልቪስ ፕሬስሊ የተባለው የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ ስለ ማረከው፥ ገና ተማሪ ሳለ የእርሱን ዘፈኖች በትምህርት ቤት ይዘፍን ነበር። ሆሊውድ ገብቶ ተዋናይ ለመሆን አስቦ ከቤት ጠፍቶ እስከ ኤርትራ ደርሶ መመለሱንም ራሱ በኋላ ዘመን ተርኮታል። ይህ ታሪክ ለአንዳንዱ አንባቢ የልጅ ቅብጠት መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን ቸል ልንለው አልፈቀድንም፤ የድምፃዊው ችሎታም ድካምም ከዚህ ከልጅነት ምኞት የመነጨ ይመስለናልና። ሰው አጥብቆ የተመኘውን ነገር አጥብቆ ያጠናል፤ አጥብቆ ያጠናውንም ሳያውቀው ይመስላል።

ወደ ሙያው የገባው በ1950ዎቹ ዓመታት በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ በኩል ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው በአብዛኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊት፥ የፖሊስ ሠራዊት፥ የማዘጋጃ ቤትና የሀገር ፍቅር ቴአትር የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ነው፤ ልምምዱ እንደ ቢሮ ሥራ ሰዓት አለው፤ የሚቀር ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ዓለማየሁን እንደ ኤልቪስ የሚያወዛውዘው ወጣትና በወታደራዊ ሥርዓት ተሰልፎ የሚቆመው ድምፃዊ አንድ ሰው ነበሩ። ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ኪነ ጥበብ አይበቅልም ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይሆነዋል። ያ ትውልድ ማስታወሻ ማንበብን፥ ሰዓት ማክበርንና ከሌሎች ጋር ተስማምቶ መጫወትን የተማረው በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ነው።

የመሣሪያውን ነገር ካነሣን ዘንድ፥ «የእኛ» እና «የሰው» የሚባለው ክፍፍል መቼ እንደ ተጀመረ መጠየቅ ይገባል። መለከቱ፥ ትሮምቦኑና ክላሪኔቱ ወደ አገራችን የገቡት ከባሕር ማዶ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከሩሲያ መጡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸው 40 ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዘመኑን የንጉሠ ነገሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። ያን መዝሙር የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ተነሥቶ ቆሞአል እንጂ «ዜማው የአርመን፥ መለከቱ የፈረንጅ ነው» ብሎ አልተቀመጠም። እንግዲህ የውሰት ዕቃ ብዙ ጊዜ በእጅ ከቆየና ብዙ ቁም ነገር ከተሠራበት የቤት ዕቃ መሆኑ አይቀርም። ክርክሩ ዕቃው ከየት መጣ ሳይሆን፥ ምን ተሠራበት ወደሚለው መሸጋገር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለማየሁ በዚህ የውሰት ዕቃ ምን ሠራበት? የመጀመሪያው ታላቅ ምዕራፍ የሚከፈተው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ ግን መብቱን ይዞ ሳለ የወጣቶቹን አዲስ ዘፈን በሸክላ አላወጣም። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ደፍሮ ተላለፈና «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በውጭ አገርም አሳትሞ ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በአንዱ ገጽ «ትማርኪያለሽ»፥ በሌላው ገጽ «ያ ታራ» የተባሉት ዘፈኖች ነበሩበት። ከዚያ ሸክላ በኋላ ሌሎች ነጋዴዎችም በሩ መከፈቱን አይተው ተከተሉ። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ባለው ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 30 የሚያህሉ ትልልቅ ሸክላዎች እንደ ወጡ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ። የዚህ ሁሉ በር መክፈቻ የዓለማየሁ ድምፅ መሆኑ ብቻውን በሙዚቃ ታሪካችን ውስጥ ቦታ ያሰጠዋል።

ሆኖም ቅድሚያ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ መልካም ሥራ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ዘመናት ዘፈኖች ያለ አድልዎ ስናዳምጥ፥ ልብሱ ከአካሉ ሰፍቶ የሚታይባቸው ብዙዎች ናቸው። ድምፃዊው ከአሜሪካዊው ከጄምስ ብራውን የተማረውን ከጉሮሮ ጥግ የሚወጣ ጩኸት ያሰማል፤ ጩኸቱ ግን ሁልጊዜ ምክንያት የለውም። ግጥሙ ሴትን ስለ ማድነቅ የተለመደውን ተናግሮ ያበቃና፥ የቀረውን ባዶ ቦታ ድምፅ እንዲሞላው ይተዋል። ሰው የሚጮኸው አንድም ሲያዝን፥ አንድም ሲደሰት፥ አንድም ሲጣራ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሳይኖር የሚሰማ ጩኸት፥ የጯኺውን ጉሮሮ ጥንካሬ ከማስረዳት በቀር ለሰሚው የሚነግረው ነገር የለም። መምህሩ በመካነ ሰላም መድረክ ላይ የጠሉት እንዲህ ያለውን ጩኸት ከሆነ፥ በዚህስ ከእርሳቸው ጋር እንስማማለን።

ነገር ግን በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ እንኳ ጆሮውን ጠጋ ላደረገ ሰው ሌላ ነገር ይሰማል። ከበሮው የሮክ ነው፤ ጊታሩም እንዲሁ፤ መለከቶቹ በአሜሪካ ልማድ በአንድነት እየወጡ ይወርዳሉ። የብዙዎቹ ዘፈኖች ዜማ ግን በአምስት ድምፅ ከሚሄደው ከቅኝታችን አልወጣም። የቃላቱ አጣጣልም የአማርኛ ነው፤ ድምፃዊው ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ቃል እንደ ሕጉ ያጠብቃል፥ ያላላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በፈረንጅ ምት ለመዘፈን ሲሉ የአማርኛን ቃል አላልተውና አጥብቀው ትርጉሙን ያጠፉ ዘፋኞች በኋላ ዘመን በዝተዋል። የፈረንጅን ስልት እጅግ የተመኘው ዓለማየሁ ግን ምቱን ለቃሉ አስገዛ እንጂ ቃሉን ለምቱ አልሰዋም።

ቀጥሎ ከፒያኖ ተጫዋቹና ከሙዚቃ አቀናባሪው ከግርማ በየነ ጋር ሆኖ «ዓለም ግርማ» የተባለውን ባንድ አቋቋመ። ይህ ጓደኝነት ለድምፃዊው ትልቅ ጥቅም የሰጠ ይመስለናል። ግርማ የሚያቀናብረው ሙዚቃ ቦታ ይተዋል፤ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ አይናገርም። ድምፃዊውም ቦታ ሲያገኝ መጮኹን ቀንሶ መናገር ጀመረ። «አዲስ አበባ ቤቴ» የተባለው ዘፈን የዚህ ጊዜ ፍሬ ነው። ከርእሱ እንደሚታየው ያ ቀድሞ ሆሊውድን ፍለጋ ከቤት የጠፋው ልጅ አሁን ቤቱ የት እንደ ሆነ ይናገራል። «ጭሮ አዳሪ ነኝ» የተባለው ደግሞ ከርእሱ ጀምሮ በአንድ የአገር አነጋገር ላይ የቆመ ነው። እንደ ዶሮ ጭሮ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ሰው በኢትዮጵያ ገጠርም ከተማም ሞልቶአል፤ ይህን አባባል ኤልቪስም ጄምስ ብራውንም ሊያስተምሩት አይችሉም ነበር። ልብሱ ያው የውሰት ልብስ ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው ግን ከዕለት ወደ ዕለት ራሱን እየመሰለ ሄደ።

ይህ ጉዞ የደረሰበት ከፍተኛ ቦታ «ተማር ልጄ» ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በዘፈኑ የሚናገረው አንድ አባት ነው። ሀብትም ሆነ የሚመካበት ዘመድ የሌለው ይህ አባት፥ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ቢያጣ ምክርን ያወርሰዋል፤ ምክሩም «ተማር» የሚል ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ፍልስፍና የለበትም፤ ቅኔም አልተዘረፈበትም። ሆኖም በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ዘፈን የማያውቅ ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለው ተወዳጅነት ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ምክንያት፥ ዘፈኑ እጅግ የቆየ የአገራችን የአነጋገር ዓይነት መልሶ ማምጣቱ ነው። አባት ለልጁ የሚሰጠው ምክር በሥነ ጽሑፋችንም በቃል ወጋችንም ውስጥ ጥንታዊ ነው። የቤተ ክህነት መምህር ለደቀ መዝሙሩ፥ የመንዙማ አዋቂ ለደረሳው፥ ሽማግሌ ለሙሽራው እንዲህ ባለ ቃል ይናገራሉ። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በሆቴልና በዳንስ ቤት የሚሰማው ዘመናዊ ዘፈን ከሞላ ጎደል የፍቅር ዘፈን ስለ ነበረ፥ አባትና ልጅ በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ዓለማየሁ የአባትን ወንበር አምጥቶ በዳንስ ቤቱ መካከል አስቀመጠው።

ሁለተኛው ምክንያት በድምፁ አያያዝ ላይ ነው። በሌሎች ዘፈኖቹ እንዲያ የሚጮኸው ሰው በዚህኛው ድምፁን ገታ አድርጎ ይይዘዋል። አባት ልጁን ሲመክር አይጮህምና! በመካነ ሰላም መድረክ ላይ የተሰማው ጩኸት ተማሪው ከድምፃዊው ሌሎች ዘፈኖች አምጥቶ የጨመረው እንጂ የዚህ ዘፈን አይደለም። በዚህም የተነሣ የመምህሩ ተግሣጽ ከፊሉ ትክክል፥ ከፊሉ ግን አድራሻውን የሳተ ሆነ። የተሳሳተው ልጁ ነው፤ ስሕተቱም የውጭ ዘፈን መዝፈኑ ሳይሆን ዓለማየሁ የት ላይ ዝም እንዳለ አለማስተዋሉ ነው። መኮረጅ የሚባለው ይህ ነው፤ የሰውየውን ጩኸት ወስዶ ዝምታውን መተው።

ሦስተኛው ምክንያት ከዘፈኑ ውጭ፥ በሰሚው ሕይወት ውስጥ ይገኛል። ለዚህም ከምንኖርበት አገር ምስክር እንጥራ። ከመካነ ሰላም ወጥቶ ወደ ቦረና፥ ወደ ሳይንትና ወደ ወግዲ ገጠሮች የሚዘልቅ ሰው፥ የዓባይና የበሽሎ ሸለቆዎች የቈራረጡትን ደጋ ያያል። ገብሱ የሚዘራው በተዳፋት ላይ ነው፤ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል፤ የአያት መሬት ለአባት፥ የአባት መሬት ለልጆች ሲከፋፈል ከጥማድ ወደ መደብ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር «የማወርስህ ሀብት የለኝም» የሚለው የአባት ቃል የዘፈን ማጣፈጫ ሳይሆን የተረጋገጠ እውነት ነው።

ስለዚህም ልጆቹ ይላካሉ። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለ ሆነ፥ ሦስትና አራት ሆነው በከተማው ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ይከራያሉ። ዓርብ ማታ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ በሶ፥ ቆሎና ድርቆሽ በትከሻቸው ተሸክመው ይመለሳሉ። ክረምት በገባ ጊዜ ወንዙ ሲሞላ የሚሻገሩበት አጥተው በወዲያ ማዶ የሚያድሩበት ቀን አለ። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊም በዚያው መንገድ በሶ ተሸክሞ የሄደ ነው። በአከራያችን ቤት በነበረው ካሴት ማጫወቻ «ተማር ልጄ» በተሰማ ጊዜ፥ አብሮን የሚያጠና አንድ ጓደኛችን ደብተሩን ዘግቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለምን እንደ ዞረ ማናችንም አልጠየቅነውም፤ ሁላችንም ምክንያቱን እናውቅ ነበርና። በዚያች ሰዓት ጊታሩ ከየትኛው አገር እንደ መጣ ያሰበ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

እንግዲህ ሥራው ያለ ጉድለት ነውን? እንዲህስ አንልም። በዘፈኑ ላይ ሊቀርብ የሚገባ አንድ ከባድ ወቀሳ አለ። አባቱ ለልጁ የሚገባው ቃል ኪዳን ሙሉ ነው፤ የተማረ ሰው ያልፍለታል የሚለው ተስፋ ያለ ጥርጣሬ ይነገራል። ያ ዘመን የተማረ ሰው የሚፈለግበት፥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ወንበር የሚጠብቀው ዘመን ነበር። ዛሬ ዲግሪ ይዘው ወደ አባታቸው ቤት የሚመለሱ፥ በከተማው ጎዳና ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሲያነቡ የሚውሉ ወጣቶች አሉ። እነርሱ ዘፈኑን ሲሰሙ በምሬት ፈገግ ይላሉ። ከእነርሱ አንዱ «አባቴ መማሬን አዘዘኝ እንጂ ከተማርኩ በኋላ ምን እንደማደርግ አልነገረኝም» ሲል ሰምተናል። በተጨማሪም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት አገር «ተማር» ማለት ከልጁ አቅም በላይ የሆነ ትእዛዝ ነው።

ይህን ወቀሳ አንክድም፤ ነገር ግን ወቀሳው የሚወድቀው በዘፈኑ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው ብለን እናምናለን። አባቱ በዘፈኑ የራሱን ድርሻ ፈጽሞአል። ያለው ነገር ምክር ብቻ ነበር፤ እርሱኑ ሰጠ። ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፥ የተማረውም ልጅ የሚሠራበት ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ የአባቱ ሳይሆን የሹማምንቱ፥ የመምህራኑና የእኛ የደመወዝተኞቹ ሥራ ነው። መልካም ዘፈን ዘመን ሲያልፍበት ያረጃል፤ ከመልካም የሚበልጠው ግን ዘመን ባለፈ ቁጥር በአዲስ ሰው ላይ ጥያቄ ይጥላል። «ተማር ልጄ» ድሮ ልጁን ያዝዝ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ልጁን እንዲማር ያዘዝነውን እኛን ይጠይቀናል።

የድምፃዊው የኋለኛው ዘመን ታሪክ ባጭሩ ሊነገር ይቻላል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ የሚከፈቱት የዳንስ ቤቶች ተዳከሙ፤ አምሃ እሸቴም አገሩን ለቅቆ ሄደ። ሸክላ ቀርቶ በካሴት ተተካ፤ ብዙዎቹ ትልልቅ የሙዚቃ ጓዶችም ቀስ በቀስ ተበተኑ። ግርማ በየነም በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ። በልጅነቱ አሜሪካን ፍለጋ የጠፋው ዓለማየሁ ግን፥ ጓደኞቹ ወደዚያ ሲሄዱ እርሱ በአገሩ ቀረ። ይህ ነገር በብዙ ቃል ከሚነገር ምስክርነት ይበልጣል።

ስሙ እንደገና የተነሣው ከውጭ በኩል ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚያን ዘመን ሸክላዎች እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ አሳተመ፤ ዘጠነኛውን ቅጽ በሙሉ ለዓለማየሁ ሰጠው። ከዚያም የውጭ አገር ሙዚቀኞች ዘፈኖቹን ማጥናት ጀመሩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ድምፃዊው የቦስተን ከተማ ከሆነው ኢዘር ኦርኬስትራ ጋር በኒው ዮርክ በሊንከን ሴንተር ዘፈነ። ያ የልጅነት ምኞት ተፈጸመ ማለት ነው፤ የተፈጸመው ግን ልጁ ባሰበው መንገድ አልነበረም። ወደ አሜሪካ የተጠራው እንደ ኤልቪስ ስለሚዘፍን አይደለም፤ ኤልቪስማ በአገራቸው ነበራቸው። የተጠራው በእነርሱ መሣሪያ እነርሱ የማያውቁትን ነገር ስለ ተናገረ ነው።

ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፈ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመለት አምሃ እሸቴም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ቀድሞት ዐርፎ ነበር። በሩን የከፈቱት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ተከታትለው ሄዱ። እኛን የሚያሳስበን፥ የእነዚያን ሸክላዎች ድምፅ ለዛሬው ጆሮ ሰብስቦ ያቆየልን የውጭ አገር ሰው መሆኑ ነው። ፋልሴቶን እናመሰግነዋለን፤ እኛ ግን በየቤታችን ስንት ሸክላ ጠፍቶ፥ ስንት ካሴት ተበጥሶ እንደ ተጣለ ስናስብ እናፍራለን። የእኛ አይደለም ብለን የናቅነውን ሌላው የእናንተ ነው ብሎ መለሰልን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደዚያ ጊታር ይዞ ወደ ወረደው ተማሪ እንመለስ። ለመምህሩ ያለን ቃል በአክብሮት ይህ ነው፤ ልጁን ስለ ጊታሩ ባይገሥጹት፤ ይልቅስ ስለ ጩኸቱ ያስተምሩት። ድምፃዊው የት ላይ ድምፁን እንደ ገታ፥ የቱን ቃል እንዳጠበቀ፥ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ቢጠይቁት፥ ልጁ በአንድ ቀን የሙዚቃንም የቋንቋንም ትምህርት ያገኝ ነበር። ባቲንና አምባሰልንም ቢያስተምሩት እሰየው! ዓለማየሁ ራሱ የውጭውን ስልት ሊሸከም የቻለው የአገሩ ቅኝት በውስጡ ስለ ነበረ ነው። የራሱ የሌለው ሰው ቢዋስም አያምርበትም።

ለተማሪው ደግሞ ይህን እንላለን። የሰማኸውን ሰው እንደ እርሱ ሆነህ ለመዝፈን መጀመርህ አያሳፍርህም፤ እርሱም የጀመረው በኤልቪስ ነው። የሚያሳፍረው በጀመሩበት መቅረት ነው። በከረጢትህ በሶ ተሸክመህ፥ የሞላ ወንዝ ተሻግረህ የመጣህ ልጅ፥ የራስህ የሆነ ብዙ ቃል አለህና እርሱን ተናገርበት። የዚያን ዕለት ከአጠገባችን የተቀመጡት አዛውንት የልጁ አባት እንደ ነበሩ በኋላ ሰማን። በዓሉ ሲያበቃ ጊታሩን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው፥ ከእርሱ ጋር ወደ ኪራይ ቤቱ ሲሄዱ አየናቸው።